እንጀራ ቢገላበጥ ሙልሙል አይሆንም

«ለጣና ውሃ ሉል ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር የሐይቁን ውሃ ጥራትና የሳተላይት ምስል በሚከታተሉ ሰዎች መካከል «ለጣና ውሃ ሉል ይበቃል» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ ተነባቢ ነው፤ ጸሐፊውም ቁጥር የሚሸሹ ሰው አይደሉም። አንዳንዱ አንባቢ ግን በዚያው ተማምኖ ከሳተላይት ምስል የደለሉን መጠን የሚገምትበትን ስሌት ማቅለል ስለጀመረ ዝም ማለቱ አይበጅም።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። በጣና ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ቅርጹ ወጣ ገባ ቢሆንም ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው ስለሚገላበጡ የቅርጽ ልዩነታቸው ይቻቻላል፤ አማካዩ ሉል ይሆናል። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ለሉል ያወጣው የብርሃን ብተና ቀመር በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ይህንኑ «አዳ» በተባለው ነጻ የብርሃን ብተና ማስያ ፕሮግራም ፈትሸው፣ ኪዩብና እኩል ይዘት ያለው ሉል በጥቂት ፐርሰንት ብቻ እንደሚለያዩ አይተዋል፤ ፕሮግራሙም ስህተቱ ከ100 ሺህ አንድ ብቻ መሆኑን ነግሯቸዋል። ሦስተኛው ነጥባቸው የአቅም ጉዳይ ነው፦ ወጣ ገባ ቅንጣትን በትክክል ማስላት ሱፐርኮምፒውተር ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ደግሞ የለም። አራተኛ፣ የቅንጣቶቹን እውነተኛ ቅርጽ ስለማናውቅ የምንሰጠው ግምት ነው፤ ከግምት የሚወጣውም ግምት ነው። በመጨረሻም፣ ለዚህ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ የድፍርስነት መለኪያ ቢገዛበት ይሻላል፤ መለኪያው ስለ ቅርጽ አይጠይቅም ይላሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ ሲሰሙት ያሳምናል። ግን እንጀራ አስቡ። ፊት ለፊት ሲይዙት ሙሉ ክብ ነው፤ በጠርዙ ሲያዩት ክር ያክላል። ሺህ ጊዜ በየአቅጣጫው ገላብጠው የጥላውን አማካይ ስፋት ቢወስዱ፣ ያው ሊጥ ተድቦልቡሎ ቢጋገር ከሚጥለው ጥላ እጅግ የሰፋ ነው። ይህን በዓይን መገመት አያስፈልግም። ጎድጓዳ የሌለው ማንኛውም አካል በየአቅጣጫው ሲገላበጥ የጥላው አማካይ ስፋት የጠቅላላ ገጹ ሩብ መሆኑን የሒሳብ ሊቁ ኮሺ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል።

ወደ ደለሉ እንምጣ። ወደ ጣና ከሚገቡት ከጉማራና ከርብ ወንዞች የላይኛው ተፋሰስ ቀይ አፈር የሚታጠበው ካኦሊናይት ባለ ስድስት ጎን ዝርግ ቅንጣት ነው። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ የሚሰጠን ስሜክታይት ደግሞ ከዚያም የሳሳ ቅጠል ነው። ለስሌት እንዲመች 2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ስፋት፣ 0.2 ማይክሮን ውፍረት ያለው ክብ ዝርግ እንውሰድ። ላይና ታች ፊቱ 6.28፣ የጠርዙ ዙሪያ 1.26፣ ድምሩ 7.54 ካሬ ማይክሮን ነው፤ ሩቡ 1.89 ይሆናል። ይዘቱ 0.63 ኪዩቢክ ማይክሮን ነው። ያንኑ ይዘት የያዘ ሉል ስፋቱ 1.06 ማይክሮን ሲሆን ጥላው 0.89 ካሬ ማይክሮን ብቻ ነው። የዝርጉ አማካይ ጥላ ከሉሉ ጥላ እጥፍ ይበልጣል። መገላበጥ ይህን ልዩነት አያጠፋውም፤ ቁጥሩ ራሱ ከተገላበጠ በኋላ የተወሰደ አማካይ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት፣ ለአንድ የተወሰነ ይዘት ከቅርጾች ሁሉ ትንሹ ገጽ ያለው ሉል ነው። ከሁሉ ያነሰው እንዴት የሁሉ አማካይ ሊሆን ይችላል?

ፖላራይዜሽንም፣ ማለትም የብርሃን ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ ይመስክር። ሉል በቀጥታ ወደ ኋላ የሚመልሰው ብርሃን የገባበትን የፖላራይዜሽን አቅጣጫ እንደያዘ ይመለሳል፤ የሚያዛባው መጠን በትክክል ዜሮ ነው። ወጣ ገባ ቅንጣት ያዛባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2023 የሠራችው የካሊፕሶ ሳተላይት የበረሃን አቧራ ከሌሎች የአየር ብናኞች ትለይ የነበረው በዚሁ ልዩነት ነው። የአንድ ሚሊዮን ሉሎች ዜሮ ቢደመር ዜሮ ነው፤ የአቧራው ግን በየአቅጣጫው ተገላብጦም ዜሮ አይሆንም።

ደግሞስ ቅንጣቶቹ ሁልጊዜ እንዳሻቸው ይገላበጣሉ ያለው ማን ነው? ዝርግ ሸክላ የበዛበትን ድፍርስ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ በማንኪያ አማስሉትና ወደ ብርሃን ያዙት። ማንኪያውን ተከትሎ የሚዞር ሐር መሳይ አብረቅራቂ መስመር ይታያል። ያ መስመር ዝርጎቹ ከፍሰቱ ጋር ሲሰለፉ የሚመጣ ነው። በሉል በተሞላ ውሃ ውስጥ ሲያማስሉ ቢውሉ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበል። ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እጅግ ላነሱና የስብረት ኢንዴክሳቸው (ብርሃንን የሚያዘገዩበት መጠን) ለውሃው ለቀረበ ቅንጣቶች የጸሐፊው ሐሳብ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ እዚያ ብተናውን የሚወስነው በዋናነት ይዘት ነው። ይሁን እንጂ ጉማራ በነሐሴ ሐይቁን ቡናማ የሚያደርገው በእነዚህ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ሙከራ ስለሆነ ጊዜ ይገባዋል። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ። ፐርሴልና ፔኒፓከር እ.ኤ.አ. በ1973 በከዋክብት መካከል ላለው አቧራ ባቀረቡት ዘዴ ቅንጣቱ በኪዩብ ፍርግርግ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ዳይፖሎች፣ ማለትም ብርሃን የሚነቀንቃቸው የኤሌክትሪክ ነጥቦች፣ ይተካል። እያንዳንዱ ዳይፖል በመጪው ብርሃንና በሌሎቹ ዳይፖሎች ሁሉ ይነቀነቃል፤ ከዚያ አንድ ትልቅ የእኩልታ ስብስብ ይፈታል። የድሬይንና የፍላታው «ዲዲስካት»፣ የዩርኪንና የሆክስትራ «አዳ» በዚህ የሚሄዱ ናቸው።

ጸሐፊው ያስገቡትን ቁጥር በግልጽ ማስፈራቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ብዙ ሰው ይደብቀዋል። የሞገድ ርዝመት 665 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮን ሺህኛ ነው)፣ የስብረት ኢንዴክስ 1.56፣ የኪዩቡ ጎን 1 ማይክሮን። 665 የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ቀይ ባንድ መሃል ነው፤ 1.56 ለካኦሊናይት የሚስማማ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች፣ ሁለቱም የአየር ላይ ቁጥሮች። «አዳ» ቅንጣቱ ምን ውስጥ እንዳለ አይጠይቅም። በዙሪያው ላለው ነገር የሚሆነውን የሞገድ ርዝመትና አንጻራዊውን ኢንዴክስ አስልቶ መስጠት የተጠቃሚው ድርሻ ነው። ለውሃ ሁለቱንም ለ1.33 ማካፈል ነው፦ 665 ወደ 500 ናኖሜትር፣ 1.56 ወደ 1.17 ይወርዳል። ብርሃኑን የሚያስቸግረው ከ1 የተረፈው ነው፤ እሱ ከ0.56 ወደ 0.17፣ ማለትም ወደ ሲሶው ገደማ ይወድቃል። በጽሑፉ የተሰላው እንግዲህ የጣና ደለል አልነበረም፤ በበጋ ከጥርጊያ መንገድ የሚነሳ አቧራ ነው።

ኪዩብ መምረጣቸውም ሳያስቡት ጎድቷቸዋል። ኪዩብ በኪዩብ ፍርግርግ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል። ሌላ ማንኛውም ቅርጽ ግን ዙሪያው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቆረጣል፤ በዚህ ዘዴ ከሚያጋጥሙ ስህተቶች ትልቁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያለ ምንም ደረጃ በሚቀመጥ ቅርጽ ፕሮግራሙን መፈተን፣ አዲስ ሹፌር በጣና ዳር አስፋልት ላይ ብቻ ፈትኖ መንጃ ፈቃድ እንደ መስጠት ነው።

«ስህተቱ ከ100 ሺህ አንድ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ በደንብ ይታይ። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር እኩልታውን እየደጋገመ የሚፈታው ቀሪው ከ100 ሺህ አንድ እስኪሆን ነው፤ ከዚያ ይቆማል። ቁጥሩ እኩልታው መፈታቱን ይናገራል። እኩልታው የእርስዎን ቅንጣት በትክክል ይወክል አይወክል አያውቅም። ሚዛኑ እስከ ግራም ትክክል ሆኖ በከረጢቱ ያለው እንክርዳድ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው ፍተሻ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ በተመሳሳይ ይዘት፣ በተመሳሳይ ኢንዴክስ ሉል በዳይፖል አስልቶ ከጉስታቭ ሚ ቀመር ጋር ማነጻጸር፤ ለዚህ የሚ ቀመር ወርቅ ነው፣ ሊተካ አይገባውም። ቀጥሎ የራስን ቅርጽ በሦስት የተለያዩ የዳይፖል ልኮች፣ ለምሳሌ በ40፣ በ28 እና በ20 ናኖሜትር፣ ማስላትና ውጤቱ ዳይፖሉ ወደ ዜሮ ሲሄድ ወዴት እንደሚያመራ መሳል። የተለመደው ደንብ በቅንጣቱ ውስጥ ላለ አንድ የሞገድ ርዝመት 10 ዳይፖል ይላል፤ በእኛ ምሳሌ 43 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። ለ1 ማይክሮን ሉል ይበቃል፤ 200 ናኖሜትር ውፍረት ላለው ዝርግ ግን በውፍረቱ 5 ዳይፖል እንኳ በቅጡ አይገባም። ፕሮግራሙ አይከለክልም፣ አያስጠነቅቅምም። እዚህ 20 ናኖሜትር መውሰድና በውፍረቱ 10 መደርደር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ያነጻጸሩት ነገር ራሱ ሌላ ነው። የለኩት ከጨረሩ የሚጎድለውን ጠቅላላ ብርሃን፣ ኤክስቲንክሽን የሚባለውን ነው። ሳተላይት ግን የሚያየው ወደ ላይ የተመለሰውን ነው። በድፍርስ ውሃ ከሚበተነው ብርሃን ወደ ኋላ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከ100 ሁለት ሦስት እጅ ነው፤ የቀረው ወደፊት ይሄዳል። እነዚህ ሁለት ሦስት እጆች እጥፍ ቢሆኑ እንኳ በጠቅላላው ድምር ላይ የሚታየው ለውጥ ጸሐፊው «ጥቂት ፐርሰንት» ብለው የናቁት ያህል ነው። በምስሉ ላይ ግን የደለሉ ግምት በእጥፍ ይስታል።

ጠቅላላውም ቢሆን ለዝርግ አይቀራረብም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ቫን ደ ኸልስት ባወጣው ቀላል ግምት በእጅ ማስላት ይቻላል። ዝርጋችን ፊቱን ለጨረሩ ሲሰጥ፣ በ0.2 ማይክሮን ውስጥ ያለፈው ሞገድ በውሃው ካለፈው ወደ ኋላ የሚቀረው 24 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ከጨረሩ የሚያጎድለው 0.57 ካሬ ማይክሮን ገደማ ይሆናል። እኩል ይዘት ባለው ሉል መሃል ያለፈው ሞገድ 130 ዲግሪ ይዘገያል፤ የሚያጎድለውም ወደ 1.7 ይደርሳል። ሦስት እጥፍ። ዝርጉ ሲያዘነብል ቁጥሩ ያድጋል፤ ለዚህ ነው የአቅጣጫ አማካይ መውሰድ ግድ የሚሆነው።

በዚሁ በአቅጣጫ አማካይ ላይ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ክብ ዝርግ በዘንጉ ዙሪያ ቢሽከረከር አይለወጥም፤ ፊቱና ጀርባውም አንድ ነው። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ዘንጉ ከጨረሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ብቻ ነው፣ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ። ሰው 9 አቅጣጫ ይበቃል ብሎ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ግን የሚከፋፍለው በማዕዘኑ ሳይሆን በኮሳይኑ ነው፤ ስለዚህ ከ0 ቀጥሎ ያለው አቅጣጫ 29 ዲግሪ ላይ ይወድቃል። 2 ማይክሮን ዝርግ እንደ መስታወት የሚመልሰው ብልጭታ ስፋቱ 14 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ሙሉ በሙሉ ይዘለላል፤ ወይ ደግሞ 0 ላይ ያለው አንዱ ናሙና ከልክ በላይ ይመዘናል። በ33 አቅጣጫ የመጀመሪያው እርምጃ 14 ዲግሪ፣ በ65 ደግሞ 10 ዲግሪ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ብርሃን ከ33 ወደ 65 ሲኬድ የማይናወጥ ከሆነ ያኔ ማመን ይቻላል።

ሱፐርኮምፒውተር ያስፈልጋል ለሚለው፣ ሒሳቡን እንሥራው። እነዚህ ፕሮግራሞች ፈጣን የፉሪየር ለውጥ የተባለውን የስሌት ዘዴ ስለሚጠቀሙ ራም የሚበላው ቅንጣቱን የሚያቅፈው ሳጥን ነው፤ ለአንድ የፍርግርግ ነጥብ ግማሽ ኪሎባይት ገደማ ይያዝ። የዝርጋችን ሳጥን 100 በ100 በ10፣ ማለትም 100 ሺህ ነጥብ ነው፤ 50 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህን አሮጌ ላፕቶፕም አይፈራውም፤ አንዱ አቅጣጫ ከደቂቃ በታች ያልቃል። 65 አቅጣጫ በሁለት ፖላራይዜሽን 130 ስሌት ነው፤ ከምሳ በፊት ተጀምሮ ከሰዓት የሚታይ። 10 ማይክሮን የሚያህል ድቡልቡል ጓል ከሆነ በ43 ናኖሜትር ዳይፖል በየጎኑ 233 ነጥብ፣ በጠቅላላው 13 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ከ6 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ይሄዳል። ስፋቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ግን ራሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 20 ማይክሮን ከ50 ጊጋባይት በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው እውነት አላቸው።

መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው 65ቱን አቅጣጫዎች በአንድ ትእዛዝ ባያስኬድ ይመረጣል። አጭር ስክሪፕት ጽፎ እያንዳንዱን አቅጣጫ በየራሱ ማህደር ማስቀመጥና አማካዩን በኋላ መሥራት ነው። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ማዕዘኖቹንም ራሱ ይመርጣል፤ ብልጭታው ባለበት ማጥበቅ ይችላል። በነገራችን ላይ የሚሽቼንኮ የቲ ማትሪክስ ፕሮግራም የአቅጣጫውን አማካይ በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ለእንቁላል መሰል ቅርጾች በጣም ፈጣን ነው፤ እንዲህ 10 ለ1 ለሳሳ ዝርግ ግን የቁጥር ትክክለኝነቱ እየከዳው ይሄዳል።

የድፍርስነት መለኪያውን ነገር ባጭሩ። ይገዛ፤ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን «ስለ ቅርጽ አይጠይቅም» ማለት ከቅርጽ ነጻ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው በ90 ዲግሪ ወደ ጎን የተበተነውን ብርሃን ያያል፤ አይሶ 7027 በተባለው ዓለም አቀፍ መሥፈርት ከሆነ በ860 ናኖሜትር። የሚስተካከለውም ፎርማዚን በተባለ ተዘጋጅቶ በሚገኝ ድፍርስ ፈሳሽ ነው፤ የፎርማዚን ቅንጣቶች ራሳቸው ልካቸውም ቅርጻቸውም የተለያየ ነው። በሊትር እኩል ሚሊግራም ደለል የያዙ ሁለት ውሃዎች፣ አንዱ ካኦሊናይት ሌላው ደቃቅ አሸዋ ቢሆን፣ የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ። ለዚህ ነው ለየገባሩ ውሃ አጣርቶ፣ ማጣሪያውን በ105 ዲግሪ አድርቆ፣ መዝኖ የየራሱን ማስተካከያ መስመር ማውጣት የሚያስፈልገው፤ የጉማራው ለመገጭ ወንዝ አይሆንም።

የቀረው አራተኛው ነው፤ ከሁሉም ጠንካራው። ቅርጹን በትክክል አናውቅም፤ እውነት ነው። የልክ ስርጭቱ አለመታወቅ ከቅርጹ የበለጠ ስህተት የሚያመጣበት ጊዜም አለ፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ክርክራቸው ይበረታ ነበር። ነገር ግን «አላውቅም» ብሎ ሉል ማስገባትም አንድ ቅርጽ መምረጥ ነው፣ ያውም የማይገኘውን። የማይታወቅ ነገር ሲኖር የሚደረገው ወሰን ማበጀት ነው፦ ስፋት ለውፍረት 5 ለ1፣ 10 ለ1፣ 20 ለ1 ያላቸውን ዝርጎች፣ ከእነሱም ጋር ጥቂት ወጣ ገባ ጓሎችን ማስላት፤ መልሱ በእነዚህ መካከል የቱን ያህል እንደሚወዛወዝ ማየት። ውዝዋዜው ጠባብ ከሆነ ቅርጹን አለማወቃችን አይጎዳንም፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መላክ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በቁጥር አወቅን ማለት ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ዋቅላሚውማ ክብ ነው» ብለው ማይክሮሲስቲስ የተባለውን ዋቅላሚ ለሉል ምስክር ጠርተዋል። ሴሉ በውጭ ሲታይ እውነትም ክብ ነው፤ ጥቂት ማይክሮን የሚያህል፣ ኢንዴክሱም ለውሃ በጣም የቀረበ። በውስጡ ግን በጋዝ የተሞሉ፣ 65 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ ጫፋቸው የሾለ ጥቃቅን ቱቦዎች በነዶ በነዶ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ሴሉ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው በእነሱ ነው። የጋዙ አንጻራዊ ኢንዴክስ 0.75 ነው፤ ከሴሉ አካል ይልቅ ከውሃው የሚርቀው እሱ ነው። ለዚህ የቆየ ሙከራ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ የታወቀ። ዋቅላሚ ያለበትን ውሃ አየር ሳይቀር በወፍራም ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላሉ፣ በቡሽ ይደፍኑታል፣ ቡሹን (ጠርሙሱን አይደለም!) በመዶሻ አንዴ ይመቱታል። ግፊቱ ቱቦዎቹን ጨፍልቆ ወተት መሳዩ ውሃ ወዲያው ይጠቁራል፣ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሴሎቹም ቆይተው ይዘቅጣሉ። ሴሎቹ ከምቱ በፊትም በኋላም ያው ክብ ናቸው።

በዳይፖል ዘዴ ለእያንዳንዱ ነጥብ የየራሱን ቁስ መስጠት ስለሚቻል ይህን መሥራት ይቻላል፣ በመርህ ደረጃ። 65 ናኖሜትር ቱቦን ለመሳል ዳይፖሉ ከ10 ናኖሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ 4 ማይክሮን ሴል ያኔ በየጎኑ 400፣ በጠቅላላው 64 ሚሊዮን ነጥብ፣ 32 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሴሉን ትቶ አንድ የቱቦ ነዶ ለብቻው ማስላት፣ ወይም ጋዙን ከሴሉ አካል ጋር አቀላቅሎ አማካይ ኢንዴክስ መስጠት ይቀላል፤ ሁለተኛው ወደ ኋላ የሚመለሰውን ብርሃን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ሙሉውን ሴል የፈለገ ሰው ግን ላፕቶፑን ዘግቶ የጸሐፊውን ሦስተኛ ነጥብ መልሶ ያንብብ።